ዕቁቤን የበላው የ4 ሰዓቱ ቁጥር

ሲያትል የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን የስልኩን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። አንዲት ትንሽ ኩባንያ ናት። ገበያው በተዘጋ በሰከንዶች ውስጥ 2 ሚሊዮን ምናምን አክሲዮን ተገበያይቷል። ከሥሩ «አንድ ሰው የሆነ ነገር አውቋል። ልግባ እንዴ?» ብሎ ጽፏል። ሳየው ሆዴ ተንቦጫቦጨ። ይቺን ጥያቄ እኔም ራሴን ጠይቄያት ነበር። መልሷን ያገኘሁት ደግሞ በዕቁብ ብር ነው።

ደውዬ አንድ ሰዓት ያህል አወራሁት። ለእሱ ያልኩት ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው። የፋይናንስ ባለሙያ አይደለሁም። ተበልቶ የተማረ ሰው ነኝ።

ሰዓቱን አስቀድሜ ላጥራ። የኒውዮርክ ገበያ የሚዘጋው በእነሱ 4:00፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል፤ እዚህ አሜሪካ ክረምት ገብቶ ሰዓት ሲቀየር ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። እኔ ስክሪኑ ላይ እንደሚታየው 4:00 እያልኩ እቀጥላለሁ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኞችን በዊልቸርና በአልጋ ከክፍል ክፍል አመላልሳለሁ። ጠዋት 7:00 ገብቼ ከሰዓት 3:30 እወጣለሁ። አክሲዮን መግዛት የጀመርኩት በ2023 ነው። እንደ ብዙዎቻችን፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልኩ ላይ አረንጓዴ ቁጥር አሳይቶኝ። መጀመሪያ በ200 ዶላር፣ ከዚያ በ500። ቀስ በቀስ ሱስ ሆነብኝ። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ቤት መሄድ ትቼ መኪና ማቆሚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ እልና የገበያውን የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት እከታተላለሁ። ባለቤቴ ስትደውል «ትራፊክ ይዞኝ ነው» እላታለሁ። ካቆምኩበት ንቅንቅ ሳልል።

ያኔ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባሁ። በወር 79 ዶላር ይከፈላል። ሥራቸው ትልልቅ ግብይቶችን እየለቀሙ መለጠፍ ነው። ቀይ መብራት፣ የኩባንያዋ ስም፣ የአክሲዮኑ ብዛት፣ ከዚያ «ዌል ገብቷል!»። ዌል ማለት ዓሣ ነባሪ ነው። በእነሱ ቋንቋ ብዙ ገንዘብ ያለው፣ እኛ የማናውቀውን የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። «ዳርክ ፑል» የሚለውንም የሰማሁት እዚያ ነው። ስሙ ራሱ ያስፈራል፤ የጨለማ ኩሬ። ማጅራት መቺ የሚገናኝበት ቦታ ነበር የሚመስለኝ። ኋላ ሳጣራ ሕጋዊ መድረክ ነው። ትልልቅ ባለገንዘቦች ምን ያህል መግዛት ወይም መሸጥ እንደፈለጉ አስቀድመው ለሕዝብ ሳያሳዩ ይገበያዩበታል። የሚደበቀው ትዕዛዙ ነው እንጂ ግብይቱ አይደለም። በገበያ ሰዓት ግብይቱ ከተፈጸመ በ10 ሰከንድ ውስጥ ሪፖርት መደረግ አለበት። እኛ በወር 79 ዶላር የምንገዛው «ምስጢር» ለማንም የሚታይ ሪፖርት ነበር።

ጁን 28፣ 2024፣ ዓርብ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ኤሲ ከፍቼ ለጥቂት ሳምንታት ዓይኔን የጣልኩባትን አንዲት ትንሽ ኩባንያ እያየሁ ነው። ስሟን አልጠራም፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። በደህናው ቀን 400 ሺህ አካባቢ አክሲዮን ነው የሚገበያይባት። በዚያ ሳምንት ዋጋዋ ከ14 ዶላር ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ 15 ተጠግቷል። 4:00 ሆነ። ሲንጋጉ የነበሩት ቁጥሮች ጸጥ አሉ። አንድ ሁለት ሰከንድ። ከዚያ አንድ መስመር ብቅ አለ፤ 3,140,000 አክሲዮን፣ በ15.22 ዶላር። ወዲያው ሌላ መስመር ተከተለ። አሁንም 3,140,000፣ አሁንም በ15.22።

ስልኬ ከእጄ አመለጠኝ። የስምንት ቀን ገበያ በአንድ ትንፋሽ! እሱም ሁለት ጊዜ! በልቤ ደመርኩት፤ ከ6 ሚሊዮን በላይ አክሲዮን፣ ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ግሩፑ በደቂቃ ውስጥ ቀውጢ ሆነ። «ዌል! ዌል! ሰኞ ዜና ይወጣል! ልትሸጥ ነው መሰለኝ፣ ትልቅ ኩባንያ ሊገዛት ነው!»

በዚያው ሳምንት ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። 18 ሰው ነን፤ በወር 500 እንጥላለን፤ 9,000 ዶላር ይወጣል። የእኔ ዕጣ በሦስተኛው ወር ወጣ። ገንዘቡ የታሰበው ደሴ ላለው የእናቴ ቤት ጣሪያ ነው። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው እንግዲህ ሀብታም አይደለም፣ ባለዕዳ ነው። 15 ወር ገና እጥላለሁ። «እስክልክላት ድረስ እዚያ ትቀመጥ» ብዬ ረቡዕ ዕለት ወደ ብሮከሬ (አክሲዮን የሚያገበያየኝ ድርጅት) አካውንት አስገብቼው ነበር። ልብ በሉ፣ ጥፋቱ የተጀመረው ዓርብ 4:00 ላይ አይደለም። ረቡዕ ነው። የሰው አደራ ከመጫወቻው ገንዘብ ጎን ሲቀመጥ ነው።

ከተዘጋ በኋላም እስከ ምሽቱ 8:00 መገበያየት ይቻላል። ግን ገዥም ሻጭም ጥቂት ነው። ሻጭ 15.48 ይላል፣ ገዥ 15.05። 43 ሳንቲም ልዩነት! ቀን ላይ ቢሆን ሦስት አራት ሳንቲም ነው። ያ ብቻ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። የተባልኩትን 15.48 ከፍዬ 580 አክሲዮን ገዛሁ። 8,978 ዶላር። እየዘፈንኩ ቤት ገባሁ።

ሰኞ ዜና አልወጣም። በ15 ዶላር አካባቢ ተከፍታ 14.35 ላይ ዘጋች። ግሩፑ «ዌሉ ደካሞቹን እያራገፈ ነው፣ ጠንክሩ» አለ። ይቺን አባባል ተጠንቀቋት። ዋጋው ቢወጣ «ብለን ነበር» ናት፤ ቢወርድ «እያራገፈ ነው» ናት። በምንም አትሸነፍም። እኔም ጠነከርኩ። ከቁጠባዬ 2,000 ዶላር አውጥቼ በ14.30 ሌላ 140 ጨመርኩ። ከጁላይ 4 በዓል በኋላ ጭራሽ ከ13 ዶላር በታች ወረደች። ማክሰኞ ጁላይ 9 ሁሉንም በ12.90 ሸጥኩ። ወደ 1,700 ዶላር ጎደለ።

ቀልዱ አላለቀም። ሐሙስ ጁላይ 11 የዋጋ ንረት ቁጥር ወጣ፤ ከተጠበቀው ዝቅ ያለ። የትናንሽ ኩባንያዎች መለኪያ የሆነው ራስል 2000 በዚያ አንድ ቀን 3.6 በመቶ ዘለለ። የእኔዋም አብራ ተነሳች። ግሩፑ «ዌሉ ልክ ነበር!» ብሎ ጨፈረ። እኔ ግን እዚያ ላይ ነው የባነንኩት። የተነሳችው ስለ እሷ አንድ ሰው ምስጢር ስላወቀ አይደለም። ጎረቤቶቿ ሁሉ ተነሥተዋል። ዓርብ 4:00 ላይ የታየው ቁጥር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ለመጀመሪያ ጊዜ «ያ ቁጥር ግን ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ። ሳልገዛ በፊት መጠየቅ የነበረብኝ ይህንን ነው።

ደሴ ሐምሌ ነው። እናቴ ጋ ስደውል ባልዲ ውስጥ የሚንጠባጠበው በስልኩ ይሰማኛል። «ምንም አይደለም ልጄ፣ ትንሽ ነው የሚያፈሰው» ትለኛለች። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ጋሼ የምላቸው አንድ ሰው አሉ። ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ የአክሲዮን ድርጅት፣ ግብይት ከተፈጸመ በኋላ ሒሳቡ በሚመሳከርበት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ቡና ልጋብዝዎ አልኳቸው። የዕቁቡን ነገር ዘልዬ ታሪኩን ነገርኳቸውና ያስቀመጥኩትን የስክሪን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ቁጥሩን አላዩትም። ቀኑን ነው ያዩት።

«ይሄ የጁን የመጨረሻው ዓርብ ነው፣ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«አንተ፣ የፋሲካ ዋዜማ ሾላ ገበያ ሄደህ ታውቃለህ?»

«እንዴታ! እናቴ ጋር ስንት ዓመት።»

«ያ ሁሉ ሰው ዶሮ የሚሻማው ስለ ዶሮ ምን ምስጢር ሰምቶ ነው?»

ሳቅሁ።

«አትሳቅ። አንተ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን፣ የመጨረሻዋን ዶሮ በተጋነነ ዋጋ ገዝተህ፣ ሰኞ አትርፌ እሸጣለሁ ብለህ ነው የወጣኸው። ሰኞማ ሰው ጠግቧል።»

ከዚያ በናፕኪን ላይ እየጫሩ አስረዱኝ። ቀኑን ሙሉ ገዥና ሻጭ በየሰከንዱ ይገበያያል። ከዚያ ውጭ ግን «እኔ ዋጋ አልመርጥም፣ በመዝጊያው ዋጋ ግዛልኝ» ወይም «ሽጥልኝ» የሚሉ ትዕዛዞች አሉ። እነዚህ ወዲያው አይፈጸሙም፤ ይጠራቀማሉ። ኒውዮርክ ስቶክ ኤክስቼንጅ እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ የሚቀበለው እስከ 3:50 ነው፤ ናዝዳክ እስከ 3:55። 4:00 ሲሆን የተጠራቀመው ሁሉ ጨረታ ላይ ይወጣል። ከሁሉም ይበልጥ ብዙ አክሲዮን ሊገጣጠም የሚችልበት አንድ ዋጋ ይፈለጋል። ሁሉም በዚያ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ጊዜ ይገበያያል። ስክሪኑ ላይ እንደ አንድ መስመር ይወጣል። እኔ አንድ ሰው ገዛ ብዬ ያሰብኩት 3,140,000 የብዙ ገዥና የብዙ ሻጭ ድምር ነበር።

«እና ገዥው ነው ሻጩ የበዛው?» አልኳቸው።

«3,140,000 ተገዛ። ስንት ተሸጠ?»

ዝም አልኩ። 3,140,000 ነዋ። ይህን ያህል ግልጽ ነገር እንዴት እንዳላየሁት እስካሁን ይገርመኛል። አንድ ግብይት ሁለት ወገን አለው። መስመሩ ላይ ብዛትና ዋጋ አለ እንጂ «ይህ ግዢ ነው» የሚል አይጻፍበትም። አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለሙን የሚቀባው አፑ ነው፤ ዋጋው ከገዥው ጥያቄ ይቀርባል ወይስ ከሻጩ እያለ ይገምታል። በጨረታ ሰዓት ግምቱ ምንም ትርጉም የለውም።

ቀኑስ? ራስል 2000 ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ትናንሽ የአሜሪካ ኩባንያዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ለዓመታት በየዓመቱ አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጁን አራተኛው ዓርብ ሲታደስ ኖሯል። ከ2026 ጀምሮ በኖቬምበርም እንዲታደስ ተወስኗል። ያቺ ኩባንያ በዚያ ዓርብ ወደ ዝርዝሩ ከሚገቡት አንዷ ነበረች። ዝርዝሩን የሚከተሉ ፈንዶች (የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው አክሲዮን የሚገዙ) ሁሉ የግድ ሊገዟት ነው። ውድ ናት ርካሽ ናት አይሉም። የዝርዝሩ ውጤት የሚሰላው በመዝጊያ ዋጋ ስለሆነ እነሱም በዚያው ዋጋ መግዛት ይፈልጋሉ። ቀደም ብለው ወይም ዘግይተው ከገዙ ከዝርዝሩ ጋር ሳይገጥሙ ይቀራሉ። በዚያ ዕለት በናዝዳክ የመዝጊያ ጨረታ ብቻ 2.9 ቢሊዮን ገደማ አክሲዮን፣ ወደ 95 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ፣ አንድ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተገበያይቷል። የእኔ 3 ሚሊዮን በዚያ ውስጥ ጠብታ ናት።

በጣም ያበሸቀኝ የሚቀጥለው ነው። የሚገቡትና የሚወጡት ኩባንያዎች ጊዜያዊ ዝርዝር መውጣት የጀመረው ሜይ 24 ነበር። ከወር በፊት! የፈለገ ሁሉ ያየዋል። ብልጦቹ አይተው አስቀድመው ገዝተው ነበር። ያ ሳምንቱን ሙሉ ከ14 ወደ 15 ያየሁት መንፏቀቅ የእነሱ ነው። 4:00 ላይ ለፈንዶቹ የሸጡትም እነሱ ናቸው። እኔ 4:40 ላይ ደረስኩ።

ጋሼ ቡናቸውን ጨርሰው «የጡረታ ገንዘብህን የት ነው ያስቀመጥከው?» አሉኝ። ሆስፒታሉ ከደመወዜ እየቆረጠ የሚያስቀምጥልኝን አካውንት ከፍቼ አሳየኋቸው። ከፈንዶቹ አንዱ የትናንሽ ኩባንያዎች ኢንዴክስ ፈንድ ነው። የሚከተለው ራስል 2000ን። ጣታቸውን አሳረፉበት። ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ፈጀ። ዓርብ 4:00 ላይ ከገዙት መካከል የእኔው የጡረታ ብር አለበት። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አፌን ከፍቼ የማየው ዌል፣ ቢያንስ ጅራቱ፣ እኔ ነበርኩ።

ሁለተኛው መስመርስ? ያንን በአንድ ቃል ጨረሱት። የመጀመሪያው የጨረታው ግብይት ነው። ሁለተኛው ገበያው «የዛሬው ይፋዊ መዝጊያ ዋጋ ይህ ነው» ብሎ የሚያውጅበት መልእክት ነው፤ ያንኑ ብዛት ደግሞ ያሳያል፣ ግን ከቀኑ ጠቅላላ የግብይት መጠን ላይ አይደመርም። እኔ አንዱን ግብይት ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። የአክስቴ ልጅ በላከልኝ ፎቶ ላይም ያው ሁለት መንታ መስመር አለ። እሱም ደምሮት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ግብይት ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ማንበብ ተማርኩ። አብዛኛው አፕ አያሳያትም። የግብይት ዝርዝር የሚያሳይ ብሮከር ካላችሁ ግን ፈልጓት፤ አንዳንዱ ጋ ፊደል ናት፣ አንዳንዱ ጋ መስመሩን ሲነኩት ትወጣለች። ፊደሎቹ እንደ ገበያው ስለሚለያዩ መሸምደድ አያስፈልግም። ማወቅ ያለባችሁ ዓይነቶቹን ነው።

አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አንድ የያዝኩት አክሲዮን 41.30 ላይ ዘጋ። 4:17 ላይ 600 ሺህ አክሲዮን በ39.85 ተሸጠ የሚል መስመር መጣ። ከመዝጊያው አንድ ዶላር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ! የድሮው እኔ ቢሆን «አንዱ ጥሎ እየሮጠ ነው» ብዬ ያንጊዜውኑ እሸጥ ነበር። ጣቴም ሄዶ ነበር። ምልክቱን ሳየው ግን «አማካይ ዋጋ» ይላል። አንድ ትልቅ ደንበኛ ለብሮከሩ «ቀኑን ሙሉ ቀስ እያልክ ጨርስልኝ፣ በአማካዩ እንተሳሰብ» ብሎት ነው። ብሮከሩ ጨርሶ ሲያበቃ በአንድ መስመር ሪፖርት አደረገው። የቀኑን ዝቅተኛና ከፍተኛ ዋጋ አየሁ፤ 39.20 እና 41.50። 39.85 በመሀል አለ። ማንም አልሮጠም። በማግስቱ በ41 ዶላር ተከፈተ።

እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር ከ4:00 በኋላ ስታዩ መጀመሪያ ዋጋውን ከይፋዊው መዝጊያ ጋር አስተያዩ። ልክ ከመዝጊያው ጋር እኩል ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብሮከር ለደንበኛው «የመዝጊያውን ዋጋ እሰጥሃለሁ» ብሎ ቃል የገባውን ከገበያው ውጭ ሲያወራርድ ነው። ከመዝጊያው የራቀ ግን በቀኑ ዝቅተኛና ከፍተኛ መካከል ያለ ከሆነ፣ የአማካይ ዋጋ ወይም ዘግይቶ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ዘግይቶ የተመዘገበው የራሱ ምልክት አለው፤ «ተራውን ያልጠበቀ» እንደማለት ነው። 2:00 ላይ የተፈጸመ ግብይት 4:05 ላይ ሲታይ አዲስ ነገር የተፈጠረ ይመስላል። አልተፈጠረም። ወሬው ነው የዘገየው። ከመደበኛ ሰዓት ውጭ የተፈጸመ እውነተኛ ግብይትም አለ፤ እሱም «ቲ» የምትል ፊደል ትለጠፍበታለች። ዜና ወይም የሩብ ዓመት ሪፖርት ወጥቶ ከሆነ ያ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ያኔም ትርጉሙ ያለው ዜናው ውስጥ ነው፣ ቁጥሩ ውስጥ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን የግድግዳ ካላንደር ነው። ኩሽና ውስጥ፣ የበዓላት ካላንደራችን ላይ በቀይ አከብባለሁ። የማርች፣ የጁን፣ የሴፕቴምበርና የዲሴምበር ሦስተኛ ዓርብ፦ ኦፕሽንና ፊውቸር የሚባሉት ውሎች አብረው የሚያልቁበትና ኤስ ኤንድ ፒ የሚባለው ድርጅት የራሱን የኩባንያ ዝርዝሮች የሚያስተካክልበት ቀን ነው። የጁን አራተኛ ዓርብ የራስል ነው። የወርና የሩብ ዓመት መጨረሻ ቀንም እንዲሁ። በእነዚህ ቀናት መዝጊያው ላይ ትልቅ ቁጥር ባይታይ ነው የሚገርመው። ባለቤቴ «ይሄ የማን በዓል ነው?» ስትል ነው እውነቱን ሁሉ የነገርኳት። ዕቁቡንም፣ ትራፊኩንም። ትራፊኩ ነው የበለጠ ያናደዳት።

ትልቅ ኩባንያም ላይ ያው ነው። ቴስላ ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች ዝርዝር) ውስጥ እንደሚገባ የተነገረው ኖቬምበር 16፣ 2020 ነበር። ፈንዶቹ በጅምላ የገዙት ዓርብ ዲሴምበር 18 መዝጊያ ላይ ነው፤ በ695 ዶላር። በመሀል ዋጋው 70 በመቶ ገደማ ወጥቶ ነበር። ሰኞ፣ ዝርዝሩ ውስጥ በገባበት የመጀመሪያ ቀን፣ 6.5 በመቶ ወረደ። «ታዲያ ሁልጊዜ ይወርዳላ፣ በተቃራኒው ልነግድ» የምትሉ ካላችሁ ቆይ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያው አክሲዮን ከ800 ዶላር አልፎ ነበር። የዓርቡ ትልቅ ቁጥር መውጣቱንም መውረዱንም አልተናገረም።

እውነተኛ ትልቅ ሰው ገብቶ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሕጉ ራሱ እንዲናገር ያስገድደዋል። ከኩባንያው ድርሻ 5 በመቶ አልፎ የገዛና በአመራሩ ላይ ተጽዕኖ ለማድረግ ያሰበ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። የኩባንያው ኃላፊዎች ሲገዙ ወይም ሲሸጡ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ። ሁሉም ኤድጋር በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። 79 ዶላር አይጠይቅም። ሌላም አለ፤ በልማድ «ብሎክ ትሬድ»፣ ማለትም ትልቅ ግብይት፣ የሚባለው ከ10,000 አክሲዮን ወይም ከ200,000 ዶላር ጀምሮ ነው። ለትልቅ ኩባንያ ይህ የምሳ ሒሳብ ነው። አፑ «ብሎክ ትሬድ» ብሎ ሲያብለጨልጭባችሁ መጀመሪያ በየቀኑ ስንት እንደሚገበያይባት እዩ።

እና ከተዘጋ በኋላ በሞቀ ልብ አትግዙ። ገዥና ሻጭ ተራርቀው በቆሙበት ሰዓት መግባት ያለቀ ገበያ ውስጥ ብቻውን ከቀረ ነጋዴ ጋር መከራከር ነው። ሰኞ ጠዋትም ገበያው አለ። እኔ ሰኞን ብጠብቅ 15.48 ከፍዬ አልገዛም ነበር፤ እንዲያውም ላልገዛ እችል ነበር። ስለ ዕቁብ ብር ምንም አልልም። ታውቁታላችሁ።

ጣሪያውን በመስከረም አሠራሁት። ከቁጠባችን ሞልተን። ከግሩፑ ወጣሁ። አክሲዮን ግን አላቆምኩም፤ በየወሩ 100 ዶላር ኢንዴክስ ፈንድ እገዛለሁ፣ ከዚያ ውጭ አልነካካም።

ጁን 27፣ 2025፣ ዓርብ፣ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ነበር። ለባለቤቴ «ገበያውን ላይ ነው፣ 4:05 እነሳለሁ» ብያታለሁ። 4:00 ሆነ። ቁጥሮቹ ጸጥ አሉ። ከዚያ ዝርዝሩ ውስጥ ከሚገቡት ትናንሽ ኩባንያዎች አንዷ ላይ ያ ትልቅ መስመር መጣ፣ ከሥሩም መንታው። ለጋሼ ደወልኩ።

«ወጣ» አልኳቸው።

«ዶሮው አለቀ?»

«አለቀ ጋሼ።»

«በል ወደ ቤትህ ሂድ» ብለው ዘጉት።